መንገደኛው ዳኛ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው የአበው ምሳሌ፣ ዘመናዊ ፖሊስ ከመቋቋሙ አስቀድሞ በኢትዮጵያ የነበረውን የፍርድ ሥርዐት ጠቅልሎ ያሳያል። ይህን ቃል የሚናገረው ሹም ብቻ አልነበረም፤ በሬው የተነዳበት ገበሬ፣ ገንዘቡን የተከለከለ ነጋዴ፣ የተበደለ ሰው ሁሉ ይናገረው ነበር። ቃሉን ሰምቶ ጥሎ መሄድ ታላቅ ድፍረት ስለ ነበረ፣ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው፣ ወታደር ሳይጠብቃቸው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይጓዙ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል።

ዳኛውም ሁልጊዜ ሹም አልነበረም። ባለጉዳዮቹ ዕድሜው የበሰለ፣ ጨዋ የሚመስል መንገደኛ ባገኙ ጊዜ «ዳኘን» ብለው ያቆሙታል። እርሱም የራሱን መንገድ ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሳሽ ዘንጉን ይዞ እየተንጐራደደ «በላ ልበልሃ» ይላል፤ ተከሳሽም በተራው ይመልሳል፤ እንደ ነገሩ ክብደት ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳሉ። አላፊ አግዳሚውም ከቦ ያዳምጣል፤ ነገር ዐዋቂ የሆነውም አስተያየቱን ይሰጣል። በዚህ ዐይነት ልጆች ጭምር ሙግትን የሚማሩት በአደባባይ ቆመው በመስማት ነበር።

በዚህ ፍርድ ያልረካ ሰው ወደ መልከኛው፣ ወደ አገረ ገዥው፣ ወደ ወንበሮችና ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የዙፋን ችሎት ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። በላይኛው ችሎት ፍትሐ ነገሥት በሊቃውንት እየተነበበ ይተረጐማል፤ የመንገዱ ዳኛ ግን በአገር ልማድና በኅሊናው ይፈርዳል። ሆኖም በላይኛውም ችሎት ፍርድ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነበር። በማዕረግ የሚያንሰው አስቀድሞ ይናገራል፤ ታላቁ ግን በመጨረሻ ይናገራል። ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ታናሹ ኅሊናውን ትቶ የጌታውን ፊት በተመለከተ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕዝብ የተካፈለበት ነገር ሁሉ ያለ ግፍ ነበር ማለት አይደለም። ለዚህ አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ምስክር ነው። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ፣ የአገሩ ሰው በሜዳ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎችም ይመረጣሉ። እያንዳንዱም አላደረግሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። በስውር የሚጠቁመው ሰው ወፍ ይባላል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም እርሻው እየጠበቀው ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይመላለሳል። ካልተገኘም የአገሩ ሕዝብ በአንድነት ካሣ ይከፍላል። ስለዚህ አፈርሳታ ሌባን ከጎረቤቱ እንዳይሸሸግ ቢያደርግም፣ በደል የሌለበትን ሰው ያስከፍል፣ ቂም ላለውም ጠቋሚ መንገድ ይከፍት ነበር። ዋስ ያጣ ድኻም ባለጸጋው በዋስ ሲለቀቅ እርሱ በቁራኛ ይቆይ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሥራው ወደ መንግሥት ዳኞች እየተጠቃለለ ሄደ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በዐዋጅ ተወሰነ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ታተሙ። በዚህም ድኻው በልማድ ፈንታ የተጻፈ ሕግ አገኘ። ነገር ግን ከዛፉ ሥር ቆሞ ይፈርድ የነበረው መንገደኛ፣ ፍርድ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ወደ ቤቱ መሄድን ተማረ።

ሕጉ ግን አላሰናበተውም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንም ሰው እንዲይዝ ፈቅዷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚያስችል ሕግ እንዲወጣ በር ከፍቷል። ዛሬም ምስክር ካልቀረበ የተማረ ዳኛ እውነትን አያገኝም፤ ዋስ ካልተገኘ የዋስትና መብት በወረቀት ይቀራል፤ ሽማግሌ ካልተቀመጠ በሁለት ጎረቤቶች መካከል የተነሣው ነገር ለልጆቻቸው ይተርፋል።

«በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ያለው ሰው ያዘነው ስለ ጭብጦው ዋጋ አይደለም፤ ስለ ተደፈረው ሕግ ነው። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ነገር ላይ ብቻ ነው። የጎረቤቱን ጭብጦ ሲወስዱ አይቶ ዝም ያለ ሰውም የራሱ በቅሎ በተነዳች ቀን «በሕግ አምላክ» ቢል፣ የሚቆምለት መንገደኛ ያጣል።