የአሸናፊዎች አሸናፊ፤ የክፍለ ዓለማት የክለቦች ዋንጫና የኢትዮጵያ ድርሻ

ዋንጫ ያገኘ የእግር ኳስ ክለብ ሌላ ዋንጫ ካገኘ ክለብ ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ የአገራችን ሰው «የአሸናፊዎች አሸናፊ» ይለዋል። የሊጉ ሻምፒዮንና የኢትዮጵያ ዋንጫ ባለቤት ሲገጥሙ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዓይነት ጨዋታ በክፍለ ዓለማት ደረጃ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ አፍሪካም ወደዚህ ማዕርግ በምን መንገድ እንደ ደረሰችና ኢትዮጵያ በነገሩ ምን ድርሻ እንደ ነበራት በአጭሩ መመርመር ነው። ዓመታቱን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ለማመሳከር በሚያስፈልግበት ቦታ የአውሮፓውን በቅንፍ እናስገባለን።

ምርመራችንን ከላስታ ብንጀምር ነገሩ ይብራራልናል። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በተራራ ዋሻ ውስጥ፣ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በልደት ሰሞን ወደ ላሊበላ ከሚጎርፈው ምእመን ብዙው ወደዚህ ዋሻ ይዘልቃል። በዚህ በዓል በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ አገር የታወቀው የወንዶች ጨዋታ ገና ነው። ተጫዋቾቹ ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው፣ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ሩሯን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ዳርቻ ለማድረስ ይታገላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጋጠሙት መንደር ከመንደር ሆነው ነው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይውላሉ፤ ጌታ በጨዋታው ቢነካም መቆጣት አይገባውም።

ከገና ጨዋታ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛው፣ ማን እንዳሸነፈ ከመታወቁ በፊት ሁለቱ ወገኖች በሜዳው ላይ እኩል መሆናቸውን መቀበል እንዳለባቸው ነው። ሁለተኛው፣ ጨዋታው የጎረቤት ጨዋታ በመሆኑ ከወንዙ ወዲህ ያሸነፈው ከወንዙ ወዲያ ካሸነፈው ጋር የሚለካካበት የተደራጀ ሥርዓት ያልነበረው መሆኑ ነው። ዘመናዊው እግር ኳስ ይህን መለካካት ከከተማ ወደ አገር፣ ከአገርም ወደ ክፍለ ዓለም አሳደገው። ነገር ግን መለካኪያው እየሰፋ በሄደ ቍጥር የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለት ማን እኩል ሆኖ ይግባ የሚለው፣ እየከበደ እንደ ሄደ ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

የሁለት ክፍለ ዓለማት ባለ ዋንጫዎች የሚገናኙበት ውድድር የተጀመረው በ1952 ዓ.ም. (1960) ነው። የአውሮፓው ባለ ዋንጫ የስፓኙ ሪያል ማድሪድ፣ የደቡብ አሜሪካውም የኡራጓዩ ፔኛሮል ነበሩ። ሰኔ 26 ቀን በሞንቴቪዴኦ ያለ ግብ ተለያዩ፤ ነሐሴ 29 ቀን በማድሪድ ሪያል 5 ለ1 አሸነፈ። ሪያል ማድሪድ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተደረጉትን አምስት የአውሮፓ ዋንጫዎች ሁሉ የወሰደ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሰው ጨዋታውን የዓለም ክለቦች ሻምፒዮና አድርጎ አየው።

የዚህ ውድድር ኑሮ ግን የተደላደለ አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. (1969) የኢጣልያው ሚላንና የአርጀንቲናው ኤስቱዲያንቴስ በቡዌኖስ አይረስ ሲጫወቱ ድብድብ ተነሥቶ ከኤስቱዲያንቴስ ተጫዋቾች የታሰሩ ነበሩ። በ1971 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ አያክስ አልጫወትም በማለቱ በአውሮፓ ፍጻሜ የተሸነፈው ፓናቲናይኮስ በምትኩ ገባ። በ1975 እና በ1978 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ሳይደረግ ቀረ። ከየካቲት 1973 ዓ.ም. (1981) ጀምሮ በቶኪዮ በአንድ ጨዋታ ብቻ እንዲወሰን በመደረጉ ዳግመኛ ቆመ።

አውሮፓም በራሷ ውስጥ ተመሳሳይ ጨዋታ አበጀች። አንቶን ቪትካምፕ የሚባል የሆላንድ ጋዜጠኛ የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤትና የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ባለቤት ቢገናኙ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በጥር 1965 ዓ.ም. (1973) አያክስ የስኮትላንዱን ሬንጀርስ በግላስጎው 3 ለ1፣ በአምስተርዳም 3 ለ2 አሸነፈ። ሬንጀርስ በደጋፊዎቹ ጥፋት ምክንያት በቅጣት ላይ ስለ ነበረ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ለዚያ ጨዋታ እውቅና አልሰጠም፤ ውድድሩን በይፋ የተቀበለው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን በየካቲት 1949 ዓ.ም. (1957) በካርቱም ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስቱ አገሮች መካከል ብቻ ተደረገ። ስለዚህ ኮንፌዴራሲዮኑ ገና በልደቱ የተጋፈጠው ማን ያሸንፍ የሚለውን ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይሰለፍ የሚለውን ጥያቄ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም ከፍ ያለ ቦታ አለው። እሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በብሔራዊው ቡድን የተጫወቱ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ2 አሸንፋ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቦታዎች አንዲቱ ብቻ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሴያንያ በጋራ በተመደበች ጊዜ፣ ከጋናው ከኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ነበሩ። የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ፤ ለ1970 እ.ኤ.አ. ውድድርም ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት።

የክለቦቹም ነገር ጎን ለጎን ይራመድ ነበር። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ በ1957 ዓ.ም. (1965) በአክራ በተደረገው ፍጻሜ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ የማሊውን ስታድ ማሊየን 2 ለ1 አሸነፈ። በዚያ የመጀመሪያ ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ እንደ ነበረ ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውስም። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. (1972) ጀምሮ ኮንፌዴራሲዮኑን በፕሬዚዳንትነት በመሩበት ዘመን፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ባለቤትም የያውንዴው ቶኔር ሆነ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካና የእስያ ሻምፒዮን ክለቦች የሚገናኙበት ውድድር ተቋቋመ። በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካ ጨዋታ ቦታ ያልተሰጣቸው ሁለት ክፍለ ዓለማት በዚህ ዓይነት የራሳቸውን መለካኪያ አበጁ።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለቱን የአፍሪካ ዋንጫዎች የሚያገናኘው ሱፐር ካፕ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በጥር 1985 ዓ.ም. (1993) ነው። በአቢጃን የኮት ዲቯሩ አፍሪካ ስፖርትና የሞሮኮው ዊዳድ ካዛብላንካ 2 ለ2 ተለያይተው አፍሪካ ስፖርት በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። በ2004 እ.ኤ.አ. የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ከሌላው ከካፍ ካፕ ጋር ተዋሕዶ የኮንፌዴራሲዮን ካፕ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በሱፐር ካፑ የሚገናኙት የሻምፒዮንስ ሊግና የኮንፌዴራሲዮን ካፕ ባለቤቶች ናቸው።

የአፍሪካና የእስያ ክለቦች ውድድር ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1992 ዓ.ም. (2000) የ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ሲመረጥ የእስያ ተወካዮች ደቡብ አፍሪካን ትተው ጀርመንን በመደገፋቸው፣ የአፍሪካው ኮንፌዴራሲዮን ውድድሩን ሰረዘው። ሜዳ ላይ የተገኘ እኩልነት በጉባኤ አዳራሽ እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካው ውድድርም በ2004 እ.ኤ.አ. 43ኛው ተደርጎ አበቃ። ፊፋ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. (2017) የእነዚህን ዋንጫዎች ባለቤቶች ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን ብሎ ተቀበላቸው። በዚህ ውሳኔ መሠረት አፍሪካ ያልተጠራችባቸው 43 ውድድሮች የዓለም ውድድር ተብለው ተመዘገቡ። የአፍሪካ ክለቦች ቢጠሩ ኖሮ አይችሉም ነበር እንዳይባል፣ ሁሉም ክፍለ ዓለም በተጠራበት የፊፋ የክለቦች ዋንጫ የኮንጎው ማዜምቤ በ2003 ዓ.ም. (2010)፣ የሞሮኮው ራጃም በ2006 ዓ.ም. (2013) ለፍጻሜ ደርሰዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. (2024) ደግሞ የግብፁ አል አህሊ የእስያውን ባለ ዋንጫ አል ዐይንን በካይሮ 3 ለ0 አሸንፏል።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ወደ አንድ ፍርድ ያደርሰናል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ሁለት ድሎች አሉ፤ አንዱ ወደ ሜዳው የመግባት፣ ሁለተኛው በሜዳው የማሸነፍ ነው። ኢትዮጵያ ለመላው አፍሪካ በመጀመሪያው ብዙ ደክማለች። በሁለተኛው ግን እስካሁን አንድም የኢትዮጵያ ክለብ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ አልወሰደም፤ ስለዚህም በሱፐር ካፕ አልተሰለፈም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2005 ዓ.ም. ለኮንፌዴራሲዮን ካፕ፣ በ2009 ዓ.ም. ለሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድር በመድረስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆነ። ከድሬዳዋው ክለብ ዘመን ጋር ስናስተያየው፣ ግማሽ ምእት ዓመት ካለፈ በኋላ የምድብ ውድድርን እንደ ትልቅ እርምጃ መቍጠራችን ሊያሳስበን ይገባል።

በላስታ ደጋ በልደት ቀን ሩሯን የሚያሳድድ ጎረምሳ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ሆኖ ሜዳ ለመግባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። አባቶቻችን ይህንኑ መብት ለአፍሪካ ክለቦች ለማስገኘት በየጉባኤው ተከራክረዋል። የቀረው በሜዳው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እሱም የአሁኑ ትውልድ ዕዳ መሆኑን አመልክተን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።