ነገ ነፃ ትወጣለህ

ሜክሲኮ አደባባይን ባቋረጥሁ ቁጥር ስሙ ያሳስበኛል። የተሰየመው ለፋሺስት ወረራ ዕውቅና ለነፈገችን ወዳጅ ሀገር ውለታ ነው። ወራሪው ጄኔቫ ላይ ካቀረበብን ክስ አንዱ ግን ባርነት ነበር። ክሱ ሰበብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ባርነቱ መኖሩም እንዲሁ።

በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆንን። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የባርነት አዋጅ አወጡ። አዋጁ ግን ጌታው ሲሞት ባሪያው ወራሾቹን 7 ዓመት አገልግሎ ነፃ ይውጣ አለ። በ1923 ዓ.ም. ጊዜው ወደ 1 ዓመት አጠረ፤ ፍጹም ክልከላው የመጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው።

እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1834 ባሮቻቸውን «ተለማማጅ» ብለው ስም ቀየሩላቸው እንጂ እስከ 1838 ለቀድሞ ጌቶቻቸው ከመሥራት አላዳኗቸውም። በሁለቱም ዘንድ ሕጉ ቀጠሮ የሰጠው ለባሪያው ነው፤ ጊዜ የሰጠው ግን ለጌታው።

ዛሬ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ባሪያ አይደለችም። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል። ታዲያ፣ ውድ አንባቢ፣ እሷንስ ስንት ዓመት ጠብቂ እንበላት?