በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል

የቢዮ አዋሌ እናቶችና አባቶች፤

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ከመድኃኒት ጋር የሚሰጠውን ወረቀትም ታነባላችሁ። መልካም ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ማንበብ የሚችሉ ሰዎችን ስላሳሳተ ወረቀት ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦፒየም የሚባል ጭማቂ ከአንድ አበባ ይገኛል። ሕመም ያስታግሳል፤ ሱስም ያሲዛል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከዚህ ጭማቂ ሞርፊንን ለየ። በ1898 ባየር የተባለ ኩባንያ ሄሮይንን ለሳል ሸጠ። ሄሮይን ብዙ ሰው ሱስ አስያዘ። ስለዚህ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ሲያዙ ይጠነቀቁ ጀመር።

በ1996 ፐርዱ ፋርማ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባል እንክብል አወጣ። ኩባንያው የሳክለር ቤተሰብ ነበር። እንክብሉ መድኃኒቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለቃል። በወረቀቱም ላይ፣ ቀስ ብሎ መለቀቁ ለሱስ መጠቀሚያ የመሆኑን አደጋ እንደሚቀንስ «ይታመናል» ተብሎ ተጻፈ። መንግሥትም አጸደቀው። ሻጮች ይህን ቃል ይዘው በየሐኪሙ ዘንድ ዞሩ። እንክብሉ ለወገብ ሕመም ሳይቀር ታዘዘ።

እስቲ ጠይቁ፤ ማን ነው ያመነው? በምን ማስረጃ? ቃሉ በጥናት የተረጋገጠ አልነበረም። እንክብሉ ሲፈጭ የ12 ሰዓቱ መድኃኒት ባንዴ ደም ውስጥ ይገባል። እንደ ታዘዘላቸው ከዋጡትም ሱስ የያዛቸው አሉ። ሰውነት ሲለምደው ያው መጠን አይበቃውም፤ ጨምር ይላል።

ሞቱስ እንዴት ይመጣል? መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ ያዘገያል። ሰውየው የተኛ ይመስላል። ቤተሰቡም «ተዉት፣ ደክሞት ነው» ይላል። ሌሊት ትንፋሹ ይቆማል።

በ1999 በአሜሪካ በሐኪም ከሚታዘዙ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ጋር የተያያዘው ሞት 3,400 ያህል ነበር። በ2017 ግን 17,000 ደረሰ። ወረቀቱ የተስተካከለው በ2001 ነው። በ2007 ኩባንያው ስለ መድኃኒቱ ሐሰት መናገሩን በፍርድ ቤት አምኖ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። በ2020 ደግሞ በሌላ ክስ ጥፋቱን አመነ። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

የሩቅ አገር ነገር ነው አትበሉ። በአገራችን በሐኪም ማዘዣ የሚሰጠው ትራማዶል የዚሁ ወገን ነው። ለብርቱ ሕመም ይጠቅማል፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ አትፍሩት። ግን ለጎረቤት የታዘዘውን አትዋጡ። ከታዘዘው አትጨምሩ። ከአረቄ ጋር አትውሰዱት። የወሰደው ሰው ቢጠራ ካልነቃ፣ ትንፋሹም ከዘገየ፣ «ይተኛ» አትበሉ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቢዮ በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ውሃ ከመጠጣታችሁ በፊት ምንጩን ታያላችሁ። የተጻፈ ቃልም ምንጭ አለው። ስታነቡ፣ ይህን ማን ጻፈው? በምን አረጋገጠው? ብላችሁ ጠይቁ።