ከ«ራጅ» እስከ «ዘዋሪ ነርቭ»፦ ስለ ታችኞቹ የራስ ቅል ነርቮች ስያሜ

«ራጅ» የተባለው ቃላችን ጨረሮች ማለት ከሆነው ከጣሊያንኛው «ራጂ» የመጣ ነው። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ጨረር አማርኛ በዚህ ስም ተቀብሎ ከራሱ አነጋገር ጋር አዋሕዶታል፤ ሕመምተኛው እንደ ፎቶግራፍ ሁሉ «ራጅ ተነሣሁ» ይላልና። በ1971 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያነሣው ሲቲ ስካንም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤምአርአይ ገና እንዲህ አልተለመዱም። ዳሩ ግን ተርጓሚን ይበልጥ የሚያስቸግረው የመሣሪያው ስም ሳይሆን በመሣሪያው የሚታየው አካል ስም ነው።

ከአንጎል የሚወጡትን ነርቮች ጋሌን ሰባት ጥንድ፣ ቶማስ ዊሊስ በ1664 ዘጠኝ ጥንድ አድርገው ቆጥረዋቸው ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን የአሥራ ሁለት ጥንድ አቆጣጠር ያቆመው ሶመሪንግ ነው፤ ዘመኑም 1778። ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያሉት «የታችኞቹ» ይባላሉ፤ መዋጥን፣ ድምፅን፣ ትከሻን ማንሣትንና የምላስን እንቅስቃሴ የሚያዙ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ አካባቢ ቃል አላጣም፤ ላንቃ፣ እንጥል፣ ማንቁርት፣ ትንታ አለው። ለነርቭ ግን የቆዩት ቃላት «ጅማት» እና «ሥር» ናቸው። «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ይጨምራል፤ «ሥር» ደግሞ የደም መተላለፊያም፣ «በታች» ማለትም ነው። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አፉን በአውንግኛ የፈታ ሕመምተኛ «የአንገቴ ሥር» ቢል ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ ነው? አውንግኛ የማዕከላዊ ኩሽ ቋንቋ በመሆኑ የአማርኛው የፍች መደራረብ በእርሱም አለ ብሎ መገመት አይገባም፤ አስተርጓሚው መጠየቅ አለበት።

10ኛው ነርቭ በላቲን «ቫጉስ»፣ ማለትም ዘዋሪ ይባላል። «ተንከራታች» የሚል አቻ ቢሰጠው መከራ መከራ ይሸታል፤ «ዘዋሪ» ይሻላል። «የአንገት ነርቭ» ማለት ግን ጭራሽ ያሳስታል። የግራው ቅርንጫፍ ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ታላቅ የደም ቧንቧ ቅስት ሥር ታጥፎ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ነርቭ ሕመም ድምፁ የጎረነነ ሰው ከራስ ቅል ወለል እስከ ደረቱ ድረስ መነሣት ይኖርበታል፤ አንገቱ ብቻ ቢነሣ ደረት ውስጥ ያለው እብጠት ሳይታይ ይቀራል።

«ወደ» የምትባለውም ትንሽ ቃል ጥንቃቄ ትሻለች፦ 12ኛው ነርቭ በአንድ ጎን ሲጎዳ የወጣው ምላስ ወደ ታመመው ጎን ይዞራል፤ 10ኛው ሲጎዳ ግን እንጥል የሚሳበው ወደ ጤነኛው ነው።