ዜና ጊንጪ ወጭሊሞ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በምዕራብ ሸዋ፣ በደንዲ ወረዳ ያለችውን የጊንጪን ዜና እንጽፋለን። ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ የመናገሻዋ ጓሮ ናት የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መናገሻዋ እንጨትና መሬት ሲጠባት ፊቷን ወደ ምዕራብ ማዞር ልማዷ ነው፤ የጊንጪም ታሪክ ለዚህ ልማድ የሰጠችው መልስ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ቢጠፋ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ከጊንጪ ወዲህ በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ያሠሩ ጀመር፤ መንገድም ወደዚያ ተጠረገ። ኋላ ባሕር ዛፍ በዛ፤ ጃንሆይም በጥበባቸው ቤተ መንግሥቱን ለእመቤታችን ለማርያም ሰጡ። ለማርያም የተሰጠ አይቆጭም። ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ዘመን የእርሻና የገበያ ዘመን ነበረና ዜናው አጭር ነው።

«መንገዱ ከመናገሻዋ ባይመጣ ጊንጪ ከመንደርነት መች ትወጣ ነበር?» የሚል ይኖራል። ያለ መንገድ ከተማ አይሰፋም፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በዚያው መንገድ ክረምት ውኃ አዝሎ ገበሬውን የሚያስጨንቀው መረሬ አፈር ያበቀለው ጤፍ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ አዋሽም ከዚሁ አገር ይመነጫል። ባለዕዳው ማን እንደሆነ አስተዋይ ይፍረድ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጊንጪ ተማሪዎች የጭሊሞ ደንና የመጫወቻ ሜዳችን ለባለሀብት አይሰጥም ብለው ወጡ። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት ያ ደን ለከተማይቱ ግርማዋ ነው። መናገሻዋን በዙሪያዋ ወዳለው የኦሮሚያ መሬት ሊያሰፋ የታቀደው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጊንጪን አይነካም ነበር የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ፤ እውነትም በዚያን ጊዜ ከነበረው የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ውጭ ነበረች። ሆኖም የጎረቤቱ አጥር ሲነቀል ያየ የራሱን ለመጠበቅ ካርታ አይጠይቅም። ድምፁ ከወረዳ ወረዳ ተላልፎ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት በጥር የክልሉ ገዥ ድርጅት ኦሕዴድ ዕቅዱ መቅረቱን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን ቀጠለ፤ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። በእነዚያ ዓመታት በየስፍራው ስለተቃጠለው ንብረት ግን ብዕራችን አያበዛም።

የምኒልክን ማገዶ ባሕር ዛፍ ተካው። በተቃውሞው ስለ ወደቁት ልጆች ግን ምትክ አልተገኘም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ አሜን።