የእናቴ መንገድና የ1953ቱ ሕግ

እናቴ ሜታፔሌት ነበረች። ጠዋት አንዲት አሮጊት አጥባ፣ ቁርስ አብልታ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዛ ሌላ ሠፈር ወዳሉ ሽማግሌ ትሄዳለች። አንድ ቀን በሁለቱ ቤቶች መካከል መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ሆስፒታል ሲጠይቋት “መኪና ገጨኝ” ብቻ አለች። ሥራ ላይ እንደነበረች አልተናገረችም፤ ወረቀቱም ላይ አልተጻፈም። ትከሻዋ ሳይሽር ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ካሳ የሚባል ነገር አላገኘችም። እኔ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የቤታችን አስተርጓሚም እኔው ነበርኩ።

ምን እንደቀረባት የገባኝ ታሪኩን ሳጠና ነው።

በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ በዚህ አገር የሠራተኞች ካሳ አዋጅ ወጣ። ሸክሙ ግን በአሠሪው ላይ ስለነበር ተጎጂው ገንዘቡን የሚጠይቀው እንጀራ ከሚሰጠው ሰው ነው። ማን ይደፍራል? በ1953 ክኔሴት የብሔራዊ መድን ሕግን አጸደቀ፤ በኤፕሪል 1954 ቢቱዋህ ለኡሚ ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘርፎች አንዱ የሥራ ላይ ጉዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሳው የሚከፈለው ከጋራ ቋት ነው።

ዛሬ ሕጉ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚደረገውን ጉዞም ይቆጥራል። ልጅን መዋዕለ ሕፃናት ለማድረስ መንገድ ቀየር ማድረግ እንኳ መብቱን አያሳጣም። መሥራት ላልቻለ ሰው ከደመወዙ 75 በመቶ፣ እስከ 91 ቀን ይከፈላል። የ1975ቱ የመንገድ አደጋ ሕግ ደግሞ “ጥፋቱ የማን ነው?” ሳይል ከመኪናው ኢንሹራንስ ያስከፍላል፤ ቢቱዋህ ለኡሚ የከፈለው ግን ይቀነሳል።

የሚገርመው፣ ከ1988 ጀምሮ አረጋውያንን ቤታቸው የሚንከባከቡ ሰዎችን ሰዓት የሚከፍለውም ይኸው ቢቱዋህ ለኡሚ ነው። እናቴ በሁለት በኩል የሱ ሰው ነበረች።

እናቴ “ዝም አይነቅዝም” ትላለች። በብዙ ነገር ልክ ናት፤ በዚህ ግን ዝምታዋ ነቀዘ። ስለዚህ እናንተ ለወላጆቻችሁ ስታስተረጉሙ፣ “ምን ሆንሽ?” ብቻ ሳይሆን “ከየት ወዴት ስትሄጂ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሐኪሙ ወረቀት ላይ መጻፉን እዩ። ከአሠሪዋ 250 ቁጥር ቅጽ ተቀበሉ፤ ማመልከቻውንም ዓመት ሳይሞላው አስገቡ።