በኒሻን የተሸፈነ ደረት፦ የኤንሪኮ ባይ ጄኔራሎችና የአቶም ቦምብ

አምባገነኖች ጠመንጃ ከያዘባቸው ሰው ይልቅ የሚስቅባቸውን የሚፈሩበት ጊዜ አለ። ጠመንጃን በጠመንጃ መመለስ ይቻላል፤ በሕዝብ አፍ የገባ ሳቅ ግን ወኅኒ አይዘጋበትም። የኢጣሊያዊው ሰዓሊ የኤንሪኮ ባይ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባይ በ1924 ሚላኖ ከተማ ተወለደ። ያደገው በሙሶሊኒ አገዛዝ ሥር ሲሆን፣ በ1944 ለውትድርና ላለመመልመል ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። ሕግም ሥነ ሥዕልም ተምሯል።

በኦገስት 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ነደዱ፤ በ1949 ሶቪየት ኅብረትም የራሷን ቦምብ አፈነዳች። ባይ በ1951 ከባልደረባው ከሰርጂዮ ዳንጀሎ ጋር «የኑክሊየር ሥዕል ንቅናቄ»ን መሠረተ። በ1952 በሠራው አንድ ሥዕል ላይ የፍንዳታው ጥቁር ደመና፣ እኛ የጅብ ጥላ የምንለውን መስሎ ይታያል፤ ደመናው ግን የሰው ጭንቅላትም ነው፤ ላዩ በአቶም ቀመሮች ተጽፎበታል። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ቦምቡ ከሰማይ የወረደ መዓት ሳይሆን ከሰው አእምሮ የወጣ ነው።

ታዲያ ቦምቡን የሚያዝዘው ማን ነው? በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ባይ ዝነኞቹን «ጄኔራሎች» መሥራት ጀመረ። የቤት ዕቃ ማልበሻ ጨርቅ፣ ጥብጣብ፣ ቁልፍና እውነተኛ ኒሻን እየለጠፈ፣ ጥርሳቸውን ያገጠጡ፣ ጭንቅላታቸው ያነሰ፣ ደረታቸው የገዘፈ ሹማምንትን አቆመ። ኒሻኑን ቢነቅሉት ከሥሩ የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሥዕል ባዕድ አይደለም። በ1935 እና በ1936 በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበውን ጦር የመሩት ማርሻል ባዶሊዮ «የአዲስ አበባ መስፍን» ተብለው ተሸልመዋል። ባይ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር።

ሳቁ ወደ ሐዘን የተለወጠው በኋላ ነው። በዲሴምበር 1969 ሚላኖ ውስጥ በባንክ ላይ በተጣለ ቦምብ 17 ሰዎች አለቁ። በጥርጣሬ የተያዘው የባቡር ሠራተኛ ጁሴፔ ፒኔሊ ከሦስት ቀን በኋላ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት መስኮት ወድቆ ሞተ። ባይ ቀብሩን 12 ሜትር በሚረዝም ሥራ አሳየ፤ መነሻው የፒካሶ «ጌርኒካ» ነበረች። ትርኢቱ በሚላኖ ቤተ መንግሥት በሜይ 17 ቀን 1972 እንዲከፈት ተወሰነ። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ፒኔሊ ከቢሯቸው መስኮት የወደቀባቸው ኮሚሽነር ካላብሬዚ መንገድ ላይ ተገደሉ፤ ትርኢቱም ተሰረዘ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በ2009 የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት ናፖሊታኖ ፒኔሊ ንጹሕ ሰለባ መሆኑን በአደባባይ መሰከሩ። ሥዕሉም በ2012፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ታየ። ባይ ግን አላየውም፤ በ2003 ዐርፏል።

ዛሬም ከተማን በአንድ ትእዛዝ ሊያጠፋ የሚችል መሣሪያ ዘጠኝ መንግሥታት ይዘዋል። ፊታቸው ስንቆም ኒሻኑ እንዳያስፈራን፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ማየት እንልመድ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ይህን ሥልጣን ማን ሰጠው?